ጎማ ላይ ያለ ቤትና የጋዝ እሳት

በገራዶ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በመኪና ውስጥ ስለሚነድ ጋዝ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በተገጠመለት፣ ካራቫን በሚባል መኪና አገር መዞር የተለመደ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት የቤታቸውን በር ቆልፈው፣ በሌላው ጎማ ባለው ቤታቸው ወር ሙሉ ሲዞሩ ይከርማሉ። «እኛ ገራዶ ላይ ተቀምጠን ይህ ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን እስቲ የራሳችንን እንቁጠር። ከጅቡቲ ጭኖ፣ ሚሌንና ባቲን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ደጃፍ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር የሚያድረው ጋቢናው ውስጥ ነው። ሽሮውንም እዚያው ይሠራል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄደው ምእመን ማደሪያ ሲያጣ በቅጥቅጡና በአባዱላው ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያነጋል። ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘውም እንዲሁ። ቱሪስት ይዘው ወደ ዳናክል የሚወርዱት ላንድክሩዘሮች ምግብ አብሳዩንና ሲሊንደሩን አብረው ይጭናሉ። አዲስ አበባ ላይ የመኪና ጀርባ ከፍተው ምግብና ቡና የሚሸጡ ወጣቶችም እሳታቸው የሚነደው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ስሙን ካራቫን አንበለው እንጂ፣ ጎማ ላይ ያለ ቤትስ እኛም አለን። ልዩነቱ እነሱ ለጋዙ ብለው የሠሩት መኪና መሆኑ ነው፤ እኛ ለሌላ ሥራ የተሠራ መኪና ውስጥ ነው ጋዙን የምናስገባው።

ሰው ስለ ጋዝ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ፍንዳታው ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ስለ እሱ እናገራለሁ። ነገር ግን በእኛ ደጋ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለሚያድር ሰው እኔ ይበልጥ የምፈራው ድምፅ የሌለውን ነው። እሳቱ በደንብ እየነደደ፣ ምንም ሳይፈነዳ፣ ሰው ተኝቶ የሚቀርበትን። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ጋዙን ራሱን እንወቀው።

የሲሊንደር ጋዝ የምንለው በዋነኛነት ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ሁለት ጋዞች ናቸው። ግፊት ሲደረግባቸው ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ሲሊንደሩን ስንወዘውዘው የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲለቀቅ ወደ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። ከአየር ጋር ሲደባለቅ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከሆነ ጀምሮ እሳት ይይዛል። አሁን አንድ ሚኒባስ እናስብ፤ ውስጡ 8 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ የዚያ ሁለት በመቶ 160 ሊትር ጋዝ ነው። ይህን ለማውጣት አንድ ሊትር ፈሳሽ እንኳ አያስፈልግም። ያውም ጋዙ መኪናውን እኩል ሞልቶት ከሆነ ነው። እኩል ግን አይሞላም።

የማይሞላበት ምክንያት ክብደቱ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ስለሆነ ከአየር ይቀላል፤ ቢያመልጥ ሽቅብ ይሸሻል። የእኛ የሲሊንደሩ ግን እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ስፍራ ይፈልጋል። ወንበር ሥር ይገባል፣ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ መስኮት መክፈት ብቻውን ያመለጠ ጋዝ አያስወጣም። መስኮቱ ከወገብ በላይ ነው፤ ጋዙ ከጉልበት በታች ነው። የሚያስወጣው እስከ ወለሉ የሚከፈተው በር ነው።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታው ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ለምን ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በማርች 18 ቀን 1937 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ፣ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ሐዘን ማግሥት ነው ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት ሕግ የወጣው። እኛ ኩሽና ውስጥ አፍንጫችንን ይዘን የምንማረርበት ሽታ የእነዚያ ልጆች መታሰቢያ ነው። ሆኖም አፍንጫ ላይ ብቻ መታመን አይገባም። ጉንፋን የያዘው ሰው አይሸተውም። ሽንኩርትና በርበሬ በሚቁላላበት ጋቢና ውስጥ ጤነኛውም ላይለየው ይችላል። አፍንጫ ደግሞ ከሽታ ጋር ሲቆይ ይላመዳል፤ ከውጭ የመጣ ሰው «ምንድን ነው የሚሸተው?» ሲል ውስጥ ያለው «የቱ?» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እሱን እመኑት።

ካራቫን ሠሪዎቹ ይህን ሁሉ አውቀው ነው የሚሠሩት። አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 1949 የሚባል ደረጃ አለ። በዚህ ደረጃ መሠረት ሲሊንደሩ ከሰው ማደሪያ በጥብቅ በተለየ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ ከውጭ ይከፈታል፣ ወለሉ ላይም ክፍት ቀዳዳ አለው። ጋዝ ቢያፈስ በቀዳዳው ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ወደ አልጋው አይመጣም። ቀዳዳውን በጨርቅ የሚደፍን ሰው ራሱ ላይ ነው የሚደፍነው። ጀርመኖች እንዲህ ያለ መኪና ላይ ያለውን የጋዝ ዕቃ በየሁለት ዓመቱ በባለሙያ ያስመረምራሉ። እኛ እንደዚያ ያለ ሣጥን የለን ይሆናል፤ አሳቡን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሲሊንደር ሰው ከተቀመጠበት ክፍል ውጭ ይጫን። በፒክአፕ ከሆነ ከኋላ ክፍቱ ላይ፣ በከባድ መኪና ከሆነ ከጋቢናው ውጭ፣ ቆሞ፣ በገመድ ሳይሆን በጠንካራ ማሰሪያ ከብረት ጋር ታስሮ።

ቆሞ ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። ሲሊንደር ሲቆም ፈሳሹ ከታች፣ ጋዙ ከላይ ነው፤ ሬጉሌተሩም የተሠራው ለጋዙ ነው። ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ጋዝ ጎማው ሊገባ ይችላል። አንድ ሊትሩ ወደ 250 ሊትር የሚሰፋ ነገር በዚያች ቀጭን ጎማ ሲሄድ ምድጃው ላይ ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ወንበር ሥር እንዲገባ ተብሎ የተጋደመ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ይታያል። ጉዞው ቢያልቅም ባያልቅም፣ ያ ሲሊንደር ቀና እስኪል ድረስ መለኮስ የለበትም።

አሁን ደግሞ መንገዳችንን እንመልከት፤ የእኛ መንገድ ከሌላው የተለየ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ሚሌ ደግሞ 500 ገደማ። አንድ መኪና ጠዋት ደሴ ላይ በብርድ ተነሥቶ በዚያው ቀን አፋር ሜዳ ላይ ይጠበሳል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሙቀት ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ 8 ባር ግፊት አለው፤ በ50 ዲግሪ ወደ 17 ይደርሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ አፋር ላይ ከ50 ዲግሪ ማለፉ የታወቀ ነው። ደህና ሲሊንደር ይህን ግፊት ይችላል፤ ለዚያ ተብሎ ተሠርቷል። የማይችለው ከልክ በላይ መሞላትን ነው። ፈሳሹ ከ10 ዲግሪ ወደ 50 ሲሞቅ በመጠኑ ከመቶ አሥር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያብጣል። በሥርዓት የተሞላ ሲሊንደር ለዚህ ሲባል ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ አምስት እጅ ቢሆን አንዱን እጅ። ከትልቁ ወደ ትንሹ በጓሮ የሚገለበጠው ግን ባዶ ቦታውን ማን ለካው? ደሴ ላይ በብርድ ጢም ተደርጎ የተሞላ ትንሽ ሲሊንደር ሚሌ ሲደርስ መስፊያ ያጣል። እንዲህ ያለውን ሲሊንደር በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ሒሳቡን አልጨረሰም። ሲሊንደሩ አንገት ላይ የባዶው ክብደት ተመትቶ ይገኛል፤ ሚዛን ላይ አውጡትና ከውስጡ ያለውን ቀንሳችሁ እወቁ።

ስለ ጎማውና ስለ መጋጠሚያው አጭር ልበል፤ አብዛኛው ሰው ያውቀዋልና። የውሃ ጎማ የጋዝ ጎማ አይሆንም። የጋዝ ጎማ ላይ የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል፤ ካረጀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ሲታጠፍ ነጭ መስመር ካወጣ ይቀየር። መኪና ደግሞ ቤት አይደለም፤ በኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ የዋለ መጋጠሚያ ትናንት ጠብቆ ዛሬ ላልቶ ይገኛል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ፍተሻው በየጊዜው ነው፤ የሳሙና አረፋ ቀቡና ከተነፋ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አሁንም አለ ይባላል። ምን እንደምለው አላውቅም።

መኪናው ሲንቀሳቀስ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ፤ ምድጃው ላይ ያለውን ማዞሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊትም እንዲሁ። በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጉዞ መኪናዎችም አሉ፤ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ የማያቋርጥ ትንሽ ነበልባል አለና ማደያ በር ላይ ሳይደርሱ ትጥፋ። አደጋ ቢደርስ፣ መኪና ቢገለበጥ፣ የጋዝ ጎማው ቢበጠስ፣ የተዘጋ ሲሊንደር ዝም ብሎ ይተኛል። የተከፈተው ግን የተጎዱትን ሰዎች ከማውጣት በፊት ሌላ ሥራ ይጨምርባችኋል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እሳት አየር ይበላል፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ምን ያህል እንደሚበላ ግን ቆም ብለን አስልተን አናውቅም። መካከለኛ የጋዝ ምድጃ አንዱ ራሱ በሙሉ ኃይል ሲነድ በሰዓት 150 ግራም ያህል ጋዝ ይፈጃል። ያን ለማቃጠል በደሴ ከፍታ ከ2 ሜትር ኩብ ተኩል በላይ አየር ይፈልጋል። የከባድ መኪና ጋቢና ውስጡ 6 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ በር ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 18 ይወርዳል። ሰውየው እስከዚህ ድረስ ብዙም አይታወቀውም። እሳቱ ግን ይታወቀዋል፤ አየር ሲያንሰው ነገሩን ሳይጨርስ መተው ይጀምራል። ጋዝ በደንብ ሲቃጠል የሚወጣው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ አያያዝ ይዞ ያስቀረዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ ደሙ ግን አየር አይሸከምም።

ይህ በማንኛውም አገር እውነት ነው። የእኛን የሚያከብደው ከፍታው ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከምድጃው ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነድ ተመጥኖ የተሠራ ምድጃ ደሴ ሲመጣ ከመጀመሪያው አየር ያንሰዋል። ቀዳዳው ሰፍቶበታል ማለት ነው። በአሜሪካ ልማድ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሚገጠም የጋዝ ዕቃ ለየ1,000 ጫማው ኃይሉን በ4 በመቶ ይቀንሱለታል፤ ለዚያ የሚሆን ጠባብ ቀዳዳ ይቀይሩለታል። ደሴ ከ8,000 ጫማ በላይ ናት። ከውጭ የመጣ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ገዝተን ስንለኩስ ይህን ያደረገልን ማነው? የነበልባሉን ቀለም እዩ። ሰማያዊና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ከተወዛወዘ፣ ድስቱም ጥላሸት ከጠጣ፣ ምድጃው እየነገራችሁ ነው። የአየር ማስገቢያውን አስተካክሉ፣ ቀዳዳውን አጽዱ፤ ካልተስተካከለ ለባለሙያ ስጡት፤ መኪና ውስጥ ግን አታስገቡት።

በዚህ ላይ ውሃው አለ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚበስል ነገር ሁሉ እዚህ ጊዜ ይወስዳል፤ ባቄላና ሥጋማ የባሰ። ብዙ ጊዜ ማለት ብዙ እሳት፣ ብዙ የተበላ አየር ማለት ነው። በዚያው ላይ ሰውየው ራሱ በሳሳ አየር ውስጥ ነው ያለው፤ ደሙ የሚያተርፈው ኦክስጅን የለም። ኮምቦልቻ ላይ ራስ ምታት ብቻ የሚያመጣ የጭስ መጠን ከፍ ባለው ጉጉፍቱ ላይ የበለጠ ይጎዳል። ሦስቱም ነገሮች ወደ አንድ ጎን ነው የሚጎትቱት።

ትንንሾቹ ባለ ጣሳ ምድጃዎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጣሳው ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ቡቴን ነው። ቡቴን ብርድ አይወድም፤ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ይደክማል፣ ነበልባሉ ያንሳል። ሰው ይህን ሲያይ ሁለት መጥፎ ነገር ያደርጋል። አንደኛው ምድጃውን «ይሞቃል» ብሎ ወደ መኪና ማስገባት ነው። ሁለተኛው ጣሳውን እሳት አጠገብ ማሞቅ ነው። ሦስተኛ ስሕተት አለ፣ ይህን ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ሳይቀር ይሠራዋል፤ ሰፊ ብረት ምጣድ ወይም ትልቅ ድስት ምድጃው ላይ ይጥዳል። የብረቱ ጠርዝ ጣሳው ካለበት ክዳን በላይ ያልፍና ሙቀቱን ወደ ጣሳው ይመልሳል። ጣሳው እስኪፈነዳ ድረስ ይሞቃል። ከምድጃው የማይወጣ ጠባብ ድስት ይበቃል፤ ለሠርግ አይደለም።

ከሰልም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። «ጋዙን ትተን ከሰል እናንድድ» የሚል ይኖራል፤ ጋዝ የሚፈራ ሰው ከሰልን እንደ ዘመድ ያየዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደህና የጋዝ ነበልባል አየር ሲያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ጥቂት ነው፤ ፍም ግን ጭሱ ጠፍቶ፣ ቀልቶ፣ አምሮ ሲታይ እንኳ በብዛት ያወጣል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱና በየብርዱ የሚያስጠነቅቀው ስለዚህ ነው። ቡናው ከቀረበ በኋላ የከሰል ምድጃውን «ቤቱን ያሙቅልን» ብሎ ማስቀረት እንደ ደግነት ይቆጠራል። በቅጥቅጥ ውስጥ ያለውን ምድጃ ማስቀረት ግን ደግነት አይደለም። 

ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ከዚህ አይለይም። ማርሚታው የተበሳ መኪና ጭሱን በወለሉ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል፤ ተጠጋግተው በቆሙ መኪናዎች መካከል ደግሞ የጎረቤት ጭስ የእናንተ ይሆናል። ለመብራት ተብሎ የሚነሣ ጄኔሬተርም በመስኮት ሥር አይቀመጥ።

የዓለም ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ታዋቂ ሰው አለ። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1934 አንታርክቲካ ውስጥ፣ በበረዶ በተቀበረች ትንሽ ጎጆ፣ የአየር ጠባይ ለመመዝገብ ብቻውን ከረመ። ጎጆዋ ስፋቷ ከጉዞ መኪና ብዙ አይበልጥም። የምድጃው ጭስ ማውጫ በበረዶ ይደፈን ነበር፤ የሬዲዮው ጄኔሬተርም ጭስ ያስገባበት ነበር። ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ምድጃውን ቢያጠፋ ብርዱ፣ ቢያነድ ጭሱ። ጓደኞቹ በክረምቱ ጨለማ መጥተው እንዳይጎዱበት ብሎ በሬዲዮ አልነገራቸውም፤ እነሱ ግን የሚልከው መልእክት እየተዛባ መምጣቱን አይተው ጠረጠሩ። በነሐሴ ደርሰው አገኙት፤ ከሥቶ፣ ደክሞ፣ ግን በሕይወት። በርድ የጉዞ ልምድ ያለው፣ የተማረ፣ ጭሱ እየጎዳው መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበር። ማወቁ ከብርዱ አላስጣለውም። እኛም «ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ከማለት በፊት ብርዱን እናስብ። ጉጉፍቱ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መስኮት መክፈት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ብርዱን ያለ እሳት መቋቋም ነው መፍትሔው። እሳቱን በማታ፣ ከመኪናው ውጭ፣ ነፋስ በማይመታው ስፍራ አንድዱት። ራታችሁን ብሉ፤ ሻይና ቡናውን በፔርሙስ ሙሉ። የሙቅ ውሃ ከረጢት ያለው ይሙላ፣ እግሩ ሥር ያስገባ። ጋቢንና ብርድ ልብስን ደራርቡ፤ ከበታች የሚነጠፈው ከላይ ከሚደረበው እኩል ነው፤ ብርዱ ከወንበሩ ብረት ነውና የሚመጣው። ከዚያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ ምድጃው እንደ በረደ አረጋግጡ፣ ከመኪናው ውጭ ይደር። ዝናብ አስገድዶ ውስጥ የምታበስሉ ከሆነ፣ አንድ በር እስከ ወለሉ ተከፍቶ፣ በተቃራኒው በኩል መስኮት ተከፍቶ፣ የነቃ ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ ፈጥኖ በሚደርስ ነገር ይሁን። ማሞቂያ አድርጎ መኪና ውስጥ መተኛት ግን በእኔ ፍርድ ምንም ማስተካከያ የለውም። ከጭሱ ማውጫ ጋር አብሮ የተሠራ፣ አየሩን ከውጭ የሚስብ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ የካራቫን ማሞቂያ ያለው ሰው ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውንም ባለሙያ ይገጥምለት።

ምልክቱ አታላይ ነው። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። እኛ አገር ለዚህ ሁሉ ስም አለን፤ ምች መታኝ፣ ብርድ ገባኝ፣ መንገድ አደከመኝ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እውነትም ምች ሊሆን ይችላል። በአንድ መኪና ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ምች አይደለም። እሳቱን አጥፉ፣ ሰዎቹን ውጭ አውጡ፣ በሩን ሁሉ ክፈቱ። ያልነቃውን ሰው ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሸተት ጊዜ ይፈጃል፤ ራሱን የሳተ ሰው ወተት ቢጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ከደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እኩሌታው እስኪወጣ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለዚህ ነው ወደ ደሴ ሆስፒታል ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ የሚኬደው፤ «ነቅቷል፣ ደህና ነው» ብሎ መተው የሌለበትም ለዚህ ነው።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ነገር ላስታውስ፤ ለእናንተ አዲስ ባይሆንም ለቤተሰቡ ይጠቅማል። ጣት ላይ የምትገባው ኦክስጅን መለኪያ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ በየክሊኒኩ፣ በአንዳንድ ቤትም አለች። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ደም ቆጥራ 98 ልትል ትችላለች። ሰውየው እየሞተ መለኪያዋ «ደህና ነው» ትላለች። ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «መኪና ውስጥ እሳት ነበር» ይሁን። ይህ ካልተነገረው ሐኪም ሌላ በሽታ ሲፈልግ ሊያመሽ ይችላል።

ጋዝ ሸትቷችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። መብራት አታብሩ፣ ያለውንም አታጥፉ፣ ሞተር አታስነሡ፣ ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትደውሉ። በሩን እስከ ወለሉ ክፈቱ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። ወለሉን በሰፊ ጨርቅ ወይም በካርቶን እያራገባችሁ ጋዙን ወደ በሩ ግፉት። ያጋጠማችሁ ድስት ውስጥ የነደደ ዘይት ከሆነ ግን ክዳን ወይም እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ውሃ ግን አይደፋበት። ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ በበሩ አጠገብ ይንጠልጠል፤ ሲሊንደሩ አጠገብ ያለ ማጥፊያ በተፈለገ ሰዓት አይደረስበትም።

አሁን ከባሕር ማዶ ዘመድ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። በጉዞ መኪናዎች ውስጥ የሚሰቀል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በባትሪ ይሠራል፣ መጠኑ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፣ አደጋ ሲኖር ይጮኻል። ለመኪና ተብሎ የተሠራው መንቀጥቀጡን ይችላል፤ በአውሮፓ ኢኤን 50291 ከሚባለው ደረጃ ሁለተኛው ክፍል የሚናገረው ስለዚህ ነው፣ ዕቃው ላይም ተጽፎ ይገኛል። ለበዓል የሚመጣው ወንድማችሁ «ምን ላምጣ?» ሲል ሽቶና ጫማ ብቻ አትዘርዝሩ። ይህችን ጨምሩ። ጋቢና ውስጥ፣ የተኛ ሰው ራስ ከፍታ አካባቢ ትሰቀል። የመጨረሻ ዓመቷ ከጀርባዋ ላይ ተጽፏል፤ ያ ዓመት ካለፈ ብትጮኽም ባትጮኽም አትታመንም።

ለግሸንም ሆነ ለመውሊድ ጉዞ የምታስተባብሩ፣ የመኪና ባለቤቶችና የሹፌር ማኅበር አባላት፣ ይህን ከእናንተ እጠይቃለሁ። የጉዞውን ዋጋ ስትሰበስቡ መነሻ ሰዓቱንና የመቀመጫ ቁጥሩን እንደምትናገሩት ሁሉ «መኪናው ውስጥ እሳት አያድርም፤ ሲሊንደርና ከሰል ከውጭ ያድራሉ» የምትለውን ደንብ አብራችሁ ንገሩ። ከመሳፈሪያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ያን ጊዜ ሰው ብርድ ልብሱንና ፔርሙሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ይኖረዋል።